የሀሊሜ ጨፌ አደይ

ጋሪው ከአሰላ ወጥቶ ወደ ጭላሎ የሚወስደውን ኮረኮንች ሲይዝ ፋናዬ ፈረሱ እንዲያነክስ በልቧ ለመነች። ለሰው ክፉ ተመኝታ አታውቅም፣ ለከብትም። በዚያ ጠዋት ግን ሌላ ዘዴ አልታያትም። ፈረሱ ካነከሰ ይመለሳሉ። ከተመለሱ ተሻለች ሀሊሜ ደጅ አትደርስም። እዚያ ካልደረሰች ሰኢድን አታየውም። ሰኢድን ካላየችው ደግሞ ልጇ በእውቀቱ መሞቱን እስከ በዓሉ ማግስት አትሰማም።

ፈረሱ ግን ጤነኛ ነበር። ባለጋሪው ሣህሌ ለቅዱስ ዮሐንስ ብሎ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር አንጠልጥሎለታል፤ በጭቃው ውስጥ አንገቱን እየሰበቀ ይሄዳል።

ተሻለች ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ጉልበቷ ላይ አጥፋ፣ ማጭዷን በጨርቅ ጠቅልላ ከፋናዬ ጎን ተቀምጣለች። ደረቷ ውስጥ በመሀረብ የታሰረ ባለ ቁልፍ ስልክ አለ። ያ ዓመት ልጁ ሰሜን የሄደበት ሰው ሁሉ ስልኩን ከጉያው የማያወጣበት ዓመት ነበር። ጠዋትና ማታ ትደውላለች። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት አሁን ማግኘት አይችሉም ትላታለች፤ ተሻለችም «እሺ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትዘጋለች።

በእውቀቱ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በሰኔ ነው። አስር አለቃ ሆኛለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ ፈቃድ እጠይቃለሁ ብሏት ነበር። ፈቃድ ይከለከላል ብላ የምታስብ እናት የለችም። ስለዚህ በዚህ ዓመት አደዩ ለበሩ ብቻ አይበቃትም። ከውጭው በር እስከ ቤቷ ደጃፍ ድረስ በግራና በቀኝ ልታስረው ነው፤ ልጇ ሲመጣ በአበባ መሀል እንዲገባ።

ሰኢድ የመጣው ማክሰኞ ነው። የሀሊሜ ልጅ ነው፤ እሱና በእውቀቱ በአንድ ቀን ተመዝግበው በአንድ መኪና ነው የሄዱት። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ከአውቶብስ ሲወርድ እናቱ ቤት ከመሄዱ በፊት በክራንች እያነከሰ ሃምሳ አለቃ ሀብተ ማርያም ቤት ሄደ። ሃምሳ አለቃ የድሮ ወታደር ናቸው፤ የእድሩም ዳኛ ናቸው። ይሄን ነገር ለማን እንደሚያስረክብ ሌላ ሰው አልታየውም። ነገራቸው፣ አለቀሰ፣ ወደ ተራራው ወጣ።

ሃምሳ አለቃ ቄስ ገብረ መድህንን አስጠሩ። ፋናዬም የተሻለች የልብ ወዳጅ ናትና ተጠራች። መርዶው ከእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ደንቡ ይነገር ተባለ። ፋናዬ ለምን ነገውኑ አይሆንም ብላ ጠየቀች።

«በሬው ተገዝቷል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ሰፈሩ በሙሉ ቅርጫ ገብቷል። ሐዘን ቤት አጠገብ ቢላ አይሳልም፣ ፋናዬ።»

ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሷም ብትሆን ይቺን አንድ በዓል በሰላም ትዋል፣ ከዚህ በኋላ በዓል የላትም አሉ። ቄሱ መሬት መሬት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱም ነገር እውነት ነው። ግን ከአፋቸው ቀድሞ የወጣው በሬው ነበር፤ ፋናዬ ይሄን አልረሳችላቸውም።

ለሀሊሜ ልጇን ከሰው ዓይን እንድትሰውር መልእክት ተላከላት። ፋናዬ ደግሞ ተሻለችን ከሀሊሜ ጨፌ እንድታርቅ ታዘዘች። እንዴት አድርጋ እንደምታርቃት የነገራት የለም።

«እዚሁ መንገድ ዳር ብናጭድስ?» አለች አሁን። «ይኸው፣ ይሄም እኮ አደይ ነው።»

«ከገብሱ ማሳ ተርፎ ነው። መድኃኒት ተረጭቶበታል» አለች ተሻለች። «ለልጄ የአረም መድኃኒት የጠጣ አበባ ልሰር? እግርሽ ከፈራ ጋሪው ላይ ጠብቂኝ። አንቺ ድሮም ለአቀበት አልተፈጠርሽም።»

ተሻለች ያለችው እውነት ነው። ድሮ በጳጉሜ አደይ የሚታጨደው ከሰፈሩ አጥር ጀርባ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ሜዳ ታርሶ ስንዴና የቢራ ገብስ ሆኗል። ደህና አደይ የሚፈልግ ሰው ብርዱ ውስጥ፣ ጥዱ አልቆ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የሚጀምርበት ድረስ መውጣት አለበት። እዚያ ነው የሀሊሜ ጨፌ። ልጆቿ እንረሰው ሲሏት እምቢ ብላ ለከብት ያስቀረችው ግጦሽ ነው። ጳጉሜ ሲገባ ደግሞ ከብቶቿን ሌላ ቦታ ታሰማራለች፤ ክርስቲያኖቹ አበባቸውን እስኪያጭዱ ከብት አይረግጠውም። ይሄን ማንም አላዘዛትም። እናቷም እንደዚሁ ታደርግ ነበር።

መንገዱ አልቆ ጋሪው ሲቆም ተሻለች ከመቀነቷ ብር ፈታች። ሣህሌ ጭንብሉን ከአገጩ ወደ አፍንጫው ሳበና አልቀበልም አለ።

«ለዓመት በዓል ነው፣ እትዬ። ይሁንልዎ።»

«ሣህሌ ብር እምቢ አለ? ስምንተኛው ሺህ ገባ ማለት ነው» አለች ተሻለች እየሳቀች።

ሣህሌ አልሳቀም። የፈረሱን ልጓም ሊያስተካክል ጎንበስ አለ፤ ልጓሙ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ያኔ ፋናዬ ገባት። ባለጋሪውም ያውቃል። እሷ ከልጇ ከሐመልማል በቀር ለማንም አልተናገረችም፣ ሐመልማልንም በእመቤታችን ብላ አስጠንቅቃታለች። ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ቤት ሲወጣ በየት በኩል እንደሚሄድ ማን ያየዋል?

በእግር ወጡ። ጭጋጉ ከፊታቸው እየሸሸ፣ ከኋላቸው እየተዘጋ ነበር። ተሻለች ከፊት ናት፣ ትንፋሿ አያጥራትም፣ ታወራለች። የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የዘነበውን ጸበል በጀሪካን ይዛለታለች። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙራለታለች። ወታደር ቤት ሻይ አጥብቆ መጠጣት ለምዷል ብለዋታልና ትልቅ ኩባያ ገዝታለታለች። ፋናዬ እህ፣ እህ ትላለች። በውስጧ አባታችን ሆይ ጀምራ መሀሉ ላይ ይጠፋባታል፣ እንደገና ትጀምራለች።

ጨፌው ጋ ሲደርሱ ጭጋጉ ተነሣ። ሲረግጡት ውሃ የሚተፋ መሬት ነው፤ ከወንዙ ጀምሮ እስከ አስታው ጥግ ድረስ ቢጫ ነው። ሳር አይታይም። ንፋሱ ሲመጣ አበባው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛና ጀርባው ይታያል፤ ንፋሱ ሲያልፍ ይነሣል።

ሀሊሜ ከሩቅ አይታቸው ወጣች። «ኮታ፣ ኮታ» አለች፣ ኑ ማለቷ ነው፤ ግን እንደ ወትሮዋ እየሮጠች አልመጣችም። ሌላ ጊዜ እጃቸውን ይዛ ነው ወደ ቤት የምትጎትታቸው። እሳት ዳር ቁርበት ላይ ታስቀምጣቸዋለች፣ እርጥብ ጫማቸውን ራሷ ታወልቃለች። አርብ ከሆነ ጾማቸውን ስለምታውቅ ወተት አታቀርብም፤ የገብስ ቆሎና ሻይ ነው። አሁንም አርብ ነው፣ ቆሎውም ሻዩም አለ። ግን ሀሊሜ ትሪውን ይዛ ወጥታ ሰሌኑን ሳሩ ላይ፣ ንፋሱ ውስጥ ዘረጋችው። የቤቷን በር ከኋላዋ ዘግታለች።

ተሻለች በሩን አየችው፣ ሰሌኑን አየችው።

«ዘንድሮ በሜዳ ሆነ?» አለች። «ሙሽራ ደብቀሻል እንዴ?»

«ታማሚ አለብኝ።»

«እግዜር ይማርልሽ። ታዲያ ገብቼ ልጠይቀው እንጂ፣ እዚህ ደርሼማ ታማሚ ሳልጠይቅ አልመለስም» አለችና ተነሣች።

ፋናዬ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ተኝቶ ይሆናል፣ ስንመለስ እንጠይቀዋለን አለቻት። ሀሊሜም ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ አሁን ገና ዓይኑን መክደኑ ነው አለች። ሁለቱም በአንድ ላይ ስለተናገሩ ተሻለች አንዷንም ሌላዋንም እያየች ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቆሎ ዘግና በእጇ ያዘችው፣ አልበላችም።

«ሀሊሜ» አለች፣ «ከሰኢድ ወሬ የለም?»

ሀሊሜ በአርብ ቀን ውሸት አይወጣትም፤ በሌላውም ቀን አይወጣትም። ፋናዬን አየቻት፣ ፋናዬ ዓይኗን ሰበረች።

«አለ» አለች ሀሊሜ። «በሕይወት አለ። አልሐምዱሊላህ።»

ተሻለች ቆሎውን ለቀቀችው። በሁለት እጇ መሬቱን ይዛ፣ እርጥቡን ሳር ሳመችው። «ሰኢድ ካለ የኔም አለ» አለች ቀና ስትል፣ አፏ ላይ ጭቃ ነበር። «እነሱ አይለያዩም። ሲሄዱ መኪናው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይደል እንዴ የሄዱት? አንቺም አይተሻል። አንዱ ኖሮ ሌላው አይጠፋም።» ከዚያ እልል አለች። እልልታው ተራራው ላይ ሄዶ ተመለሰ።

ቤት ውስጥ አንድ እንጨት ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ሀሊሜ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ተሻለች ማጭዷን ፈትታ እንደ ልጅ ወደ አበባው ገባች። ከወገቧ በታች አትታይም። ያኔ ሀሊሜ ፋናዬን በክንዷ ይዛ ወደ ወንዙ ወሰደቻትና በኦሮምኛ ጀመረች። ፋናዬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቋንቋውን ታውቀዋለች፣ ያን ቀን ባላውቀው ብላ ተመኘች። እኛ ጋ ሞት አያድርም አለች ሀሊሜ። የሞተ በዕለቱ ይነገራል፣ በዕለቱ ይለቀሳል፣ መጀመሪያ የምትሰማው እናት ናት። የናንተ በዓል ነው፣ የናንተ ደንብ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ልጄ ግን ወጥቼ ልንገራት እያለኝ በሩ ላይ ቆሜ ነው የከለከልኩት። ያ የወደቀው ክራንቹ ነው። እልልታዋን ሰማ።

«ስንት ሰው ያውቃል?» አለቻት በአማርኛ።

ፋናዬ ባለጋሪውን አስታወሰች።

«ሰው ሁሉ አውቆ፣ እሷን አበባ ታሳጭዷታላችሁ?»

ከዚያ ሀሊሜ አጠገቧ የነበረ አንድ አደይ ከአንገቱ ያዘች፣ አልቀጠፈችውም። ሰኢድ እንደነገራት፣ በእውቀቱን የቀበሩት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጊዜ አልነበራቸውም። ፊቱን የሚያለብሱበት ጨርቅ አጥተው፣ ዳገቱ ላይ የነበረውን አደይ ነቅለው አለበሱት፤ ከዚያ ነው አፈሩን የመለሱበት። ነሐሴ ስለነበር አልፈነዳም፣ ገና እንቡጥ ነበር። ሰኢድ ከእግሩ ይልቅ እሱን ነው የሚያወራው፤ አለመፈንዳቱን።

«እሷ የመጣች ቀን ቤቴ ክፍት ነው» አለች ሀሊሜ። «ሁለተኛ በር አልዘጋባትም። ለዳኛችሁ ንገሩት።»

ተሻለች ከረጢቱን እስከ አፉ ሞልታ፣ የቀረውን በነጠላዋ አዝላ መጣች። ስትሰናበት ሀሊሜን አገላብጣ ሳመቻት፤ ያ ዓመት በወረርሽኙ መሳሳም የቀረበት ዓመት ቢሆንም ማንም አልከለከላትም። በሩን አንዴ ዞር ብላ አየችው። «ማርያም ትማረው» አለች ለታማሚው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እንዲሰማት።

ሲወርዱ ብዙ አላወራችም። ደክሟት ነው ብላ ፋናዬ ተጽናናች። ከሰዓት በኋላ አብረው አሰሩት። ከውጭው በር ጀምሮ በአጥሩ ላይ፣ በቋሚው ላይ፣ እስከ ደጃፉ ድረስ። ፋናዬ ትቋጥራለች፣ ተሻለች ትዘረጋለች። አላፊ አግዳሚው እንኳን አደረሰሽ ይላታል፤ ከወትሮው ይልቅ ጎንበስ እያለ፣ ከወትሮው ይልቅ ቶሎ እያለፈ።

በማግስቱ ቅዳሴ ተወጥቶ ፀሐይ ስትሞቅ ተሻለች ነጭ ለብሳ በሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ለአበባ ልጆች የሚሰጥ ዳቦ ቆራርሳ በሰፌድ ይዛለች። ፋናዬ በራሷ አጥር በኩል ታያታለች። ከሃምሳ አለቃ ግቢ የወንዶች ሳቅ ይሰማል፣ በሬው ተጥሎ ሥጋው እየተመደበ ነው።

የአበባ ልጆቹ ከላይኛው ሰፈር መጡ። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ አደይ አለ። በየበሩ እየቆሙ ይዘፍናሉ፣ ይመረቃሉ፣ ዳቦ ይቀበላሉ። ተሻለች ሰፌዱን አስተካከለች። ልጆቹ ከሷ በፊት ያለውን ቤት ጨርሰው ወጡ። ከዚያ ዘፈኑ ቆመ። አንገታቸውን ደፍተው መንገዱን ተሻገሩ፣ በማዶው ጠርዝ ተደርድረው አለፉ፣ ከሷ ቀጥሎ ያለው በር ሲደርሱ እንደገና ጀመሩ።

ተሻለች መጀመሪያ ሳቀች። «ልጆች፣ ዓይናችሁን ምን ነካው? ይሄ ሁሉ አበባ አይታያችሁም?»

ልጆቹ ቆሙ። የመሪያቸው ስም ናዝሬት ነው፣ የሐመልማል ልጅ፣ የፋናዬ የልጅ ልጅ። ፋናዬ ከአጥሩ ወጥታ መሮጥ ጀመረች፣ ግን ሩቅ ነበረች።

«ነይ የኔ እናት» አለች ተሻለች። «የኔን ቤት ዘለልሽው እኮ።»

ናዝሬት እጇ ላይ ያለውን አበባ እያዞረች «እማዬ እዚያ ቤት እንዳትዘፍኑ ብላለች» አለች። «ሐዘን ቤት ነው፣ ኃጢአት ነው ብላለች።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉን ነገር አስበው ነበር። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ራሷን እንደሚደግፍ፣ ድንኳኑን ማን እንደሚያመጣ። ስለ ልጆቹ ያሰበ ሰው የለም። ሐመልማል ደግሞ ክፉ አልሠራችም። ሰው የሞተበት ደጃፍ ላይ ልጇ እንድትዘፍን ያልፈቀደች እናት ናት፤ ሌሎቹም እናቶች እንደዚሁ።

ተሻለች አልጮኸችም። ከሰፌዱ ትልቁን ዳቦ መርጣ ለናዝሬት ሰጠቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት፣ ሂጂ ተጫወቺ አለቻት። ፋናዬ እያለከለከች ደረሰች። ተሻለች ያሰረችውን አበባ ከውጭው በር እስከ ደጃፉ በዓይኗ ተከተለችው፣ ከዚያ ወደ ፋናዬ ዞረች።

«ታማሚው ሰኢድ ነው?»

«አዎ።»

«አይቶታል?»

«ቀብሮታል» አለች ፋናዬ።

ተሻለች ወደ ሃምሳ አለቃ ግቢ አየች። የቢላ ድምፅ ይሰማል። «ከቅርጫው በኋላ ነበር የምትነግሩኝ፣ አይደል?»

ያኔ ነገሩ ተሰምቶ ሰው መውጣት ጀመረ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ። ከኋላ አንዷ እሪታ ጀመረች። ተሻለች እጇን አነሣች።

«ዝም በሉ። እዚህ አይለቀስም።»

ሃምሳ አለቃ ለአንቺው ብለን ነው፣ ልጄ፣ ማለት ጀመሩ። እንዲጨርሱ አልጠበቀቻቸውም። አላለቀሰችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«ልጄን አፈር ያለበሰው ሰው ተራራው ላይ አለ። እሱ ጋ ሄጄ አለቅሳለሁ። እርስዎ ሥጋዎን ይመድቡ።»

ገብታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ከስልኩ ጋር ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሣህሌ ጋሪውን መንገዱ ላይ አቁሞ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው። ፋናዬ አብራት ልትወጣ እግሯን ስታነሣ ተሻለች በእጇ ከለከለቻት።

«አንቺ ቅሪ» አለቻት። «አንቺ ትናንት ሄደሻል።»

ጋሪው ሄደ። ከፈረሱ ግንባር ያ ቀይ ክር አልተፈታም ነበር።

እድር ደንብ አለው፤ ሰው ከሞተ ድንኳን ይተከላል። ወንዶቹ እጃቸውን ታጥበው ድንኳኑን አመጡና በተቆለፈው በር ፊት ተከሉት፣ አግዳሚ ወንበሩን ደረደሩ። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ። የሚያለቅሱላት ሰው የለችም፣ የሚያጽናኗት የለችም። ቄስ ገብረ መድህን ጸሎት ጀምረው መሀሉ ላይ ተዉት። ሁሉም ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል፣ በሩ ደግሞ እስከ ላይ ቢጫ ነው።

ሃምሳ አለቃ ወደ ፋናዬ ጠጋ ብለው ሐዘን ቤት ላይ አበባ ነውር ነው፣ ሰው ሳይበዛ ተነሥተሽ ፍቺው አሏት። ፋናዬ ትናንት ራሷ የቋጠረችውን ቋጠሮ ከተቀመጠችበት ለይታ ታየው ነበር።

«እሷ ናት ያሳሰረችው» አለች። «እሷ ትፍታው።»

ሃምሳ አለቃ ሌላ ሰው ፈለጉ። በወንበሮቹ መሀል ፊቱን ከእሳቸው ያልመለሰ አላገኙም። ተመልሰው ተቀመጡ፤ እስከ ማታ ድረስ እንደ ሌላው ሰው አበባውን ሲያዩ ዋሉ።